ቅጹ ላይ ደጅ የለም

መጣች ሲፈን፣ የቀበሌዋ ልጅ፣ ታብሌቷን አቅፋ፣
ላቧን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ በሬ ላይ ተደግፋ፤
ገንደ ቆሬ፣ እኩለ ቀን፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
"ስንት ናችሁ?" አለች። "ሰባት" አልኩ፣ "ስምንተኛው ካልመጣ።"
"ስንት ክፍል?" "አንድ።" ጣቷ መስታወቱ ላይ ዘለለ፤
"የት ነው የምትተኙ?"
ኑሪያ ሳቀች። "ደጅ ነዋ" አልኩ፣ "ሌላ የት አለ?

ከመጋቢት ወዲህ በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል?
አልጋችን ከጎረቤት አልጋ ጎን ግቢ ውስጥ ይሰለፋል፤
ከደቻቱ አሸዋ ነፋስ ሲነሣ አንዱ ካንዱ ያወጋል፤
ሕፃን ሲያለቅስ፣ የማንም ይሁን፣ ቀድሞ የነቃ ያባብላል።"

ቅጹን በጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ጎተተች፤
ሳሎን አለ፣ ማድቤት አለ፤ የኛን መኝታ አጣች፤
"ቅጹ ላይ ደጅ የለም፣ አባባ" አለች፣
"ተጨናንቀው የሚኖሩ" ከሚለው ላይ ነካች።

እንዲህ ነው የታዘነልን።

አልቀየምኳትም፤ ልጅቷ ደግ ናት፣ አፏም እውነተኛ፤
ቅጹን የጻፈው ግን፣ የትም ይሁን የት፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚተኛ።

ዕጣው ወጣልን። ሳቢያን፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አርባ ሦስት፤
እልል አልን፤ ማን አይልም? የራስ ቁልፍ፣ የራስ ቤት!
አናጢ ነኝ። አልጋዬን ከዋንዛ እኔው ነኝ የጠረብኩት፤
በደረጃው፣ በትከሻ፣ በአንገት፣ እያረፍኩ አወጣሁት፤
በበሩ አልገባም አለ። በሩን መነካካት ክልክል ነው ተባልኩ፤
አልጋዬን ቀነስኩት።

ከዚያ ከሰል ተከለከለ፤ ለደኑ፣ ለሳንባችን፤ ማን ጠላ?
የኤሌክትሪክ ምድጃ አደሉን፣ ከነካርቶኑ፣ የሚያምር፣ ነጭ ገላ።
ያን ቀን መብራት የለም። በማግስቱም። በሳልስቱም።
ኑሪያ የላስቲክ አበባ አኖረችበት፤ ሌላ አልሆነላትም።
ከሰሉ ግን የት ይሄዳል? ማታ ከደረጃው ሥር ይሸጣል፤
ስሙን ለውጦ "ጥቁሩ ስኳር" ይባላል፤
ለክልከላው የሚከፈለው እዚያው ዋጋው ላይ ይጨመራል።
የድጎማው ዘይት በወረፋ፣ ወረፋው ደግሞ በዝምድና፤
ዘመድ ያጣ ከሱቅ ይገዛል፣
ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ጄሪካን፣ በእጥፍ እንደገና።

አያ ሮብሌ ይቆጣኛል። "አቦ፣ አታጋን" ይላል፣
"ደቻቱ በሌሊት ደርሶ ቤቴን ከነፍየሎቼ ወስዷል፤
የድንጋዩን ግንብ ማን ሠራው? አንተ? በየትኛው መጋዝህ?"
እውነቱን ነው። መልስ የለኝም።
ሰማዩ ከላይ በደጋው ሲጠቁር እኔም ግንቡን ነው የማየው፤
ጎርፍን አንድ ሰው አያቆመውም፣ ይህን ማን ይክደዋል?
ግን አያ ሮብሌ፣ ግንብ የሠራ ሁሉ
እንቅልፌ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል?

ግንቦት ገባ። ማራገቢያው ቆመ፤ እንደ ሞተ ሸረሪት ተሰቀለ፤
ግድግዳው ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግሎ፣ እጅ አላስነካ አለ።
በሌሊት አልጋዬን አወረድኩ፣ ከሦስት ጎረምሳ ጋራ፤
ዘበኛው ባትሪውን ዓይኔ ላይ ተከለ፤ "ክልክል ነው! ቦታው የጋራ!"
"እኛስ የማን ነን?" አልኩት። ዝም አለ።
በማግስቱ አራት አልጋ ወረደ።
በሦስተኛው ሌሊት የዘበኛውም ፍራሽ ግንቡን ተጠግቶ ተነጠፈ።

አንድ ምሽት ሲፈን መጣች፣ ጫማዋን አቧራ አልብሶት፤
"ከዕጣው ወዲህ ኑሮ እንዴት ነው? ከአንድ እስከ አምስት ስጡት።"
ታብሌቷ ጠፋ። ነካካችው። ጨለማ።
"ባትሪው አለቀ" አለች፤ "እኛም ሰፈር መብራት የለ፣ ከትላንትና ማታ።"

ኑሪያ ወደ ጥግ ተጠጋች፤
ልጅቷ በመጋዝ በተቆረጠው በኩል፣ በጠባቡ፣ ተቀመጠች።
ውኃ ሰጠናት። ጫማዋን አወለቀች።
ነፋስ መጣ፣
ከየት እንደሆነ ማንም አልመዘገበ።