ፈረቃ

ቱሉ ዲምቱ ዳር ነው፣ አስፋልቱ እሚያልቅበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት ይገባል ተብሎ ጉድጓዱ በቀረበት፤
እሁድ ከሰዓት ነው፣ ቤተዘመድ ጠራሁ።
እትዬ አስካለን ሦስት ታክሲ አስይዤ ከሰንዳፋ አመጣሁ፤
ጋሽ ወልደሰንበት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣
ሶፋው ላይ ናቸው፣ ለምን እንደተጠሩ ገና ሳይገባቸው።
እማ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ አንድ ቃል ሳይወጣት፣
ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ እንጃ ማን እንደነገራት።
አንተ በሩን ተደግፈህ
ስልክህን ታያለህ።

ሃምሳ ሉክ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ፦
"መስከረም ሦስት ሺህ፣ እጅህ ላይ ቆጠርኩ።
ጥቅምትም ሦስት ሺህ፣ እጅህ ላይ።
ኅዳር ታምሜ እንኳ በሰው ልኬ የለም ወይ?
የባንኳ ልጅ ግን ስክሪኑን ስታዞርልኝ፣
ዘጠኝ ወር፣ ዘጠኝ ዜሮ፣ ተሰልፎ ጠበቀኝ።
ይህን ቤት ሊሸጡት ነው፣ ዘርይሁን።
ብሩ ምን ሆነ? ተናገር አሁን።"

"ቢዝነስ ነበር" አልክ። "ትንሽ ታገሡኝ" አልክ።
"አንድ ሰው አለ፣ ሰኞ ይደውላል" አልክ።
የባጃጁ ጊዜም ይኸው ሰው፣ ይኸው ሰኞ ነበር፤
ስንት ሰኞ አለ፣ ወንድሜ፣ አንተ ባለህበት አገር?

ዝም ብዬ ጠበቅሁ፣ አንድ ሰው "አጥፍተሃል" ይልህ እንደሁ።
ጋሽ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠርገው ዞሩ፣ ወደኔ፦
"ልጄ፣ ገመና እንዲህ አደባባይ አይሰጣም፤
እሱም እንደሁ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ አይለወጥም።"
"ለብቻው ብትነግሪው" አሉ እትዬ አስካለ።
ለብቻው! ምን ቀረ ለብቻው ያልተባለ?

እማ ተነሣች። ፍራሿን ገለጠች።
ሦስት ፖስታ፣ እንደታሸገ፣ ደብተሬ ላይ አስቀመጠች።
"ፊደል ባልቆጥርም ማኅተሙን አውቀዋለሁ።
እንዳትጣሉብኝ ብዬ ተኝቼበት አድራለሁ።"

ማንም አልተነፈሰ።

ያኔ ነው ከታች አንዲት ሴት የጮኸች፦
"ውኃ መጣች!"
በአሥራ አንድ ቀኗ። አራተኛ ድረስ መውጫ ጉልበት የላት፣
እኛው ነን እንግዲህ ወርደን እምንቀበላት።
ጀሪካን ተንኳኳ፣ በሮች ተበረገዱ፣
ጋሽ ወልደሰንበትም ባርኔጣቸውን ጥለው ባልዲ ይዘው ወረዱ።

አንተ ሁለት ሁለት ተሸክመህ ወጣህ።
ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣበቀ።
በአራተኛው ዙር ደረጃ ላይ ተላለፍን፣
እኔ ባዶ ይዤ፣ አንተ ሙሉ።
"ጠቅላላው ስንት ነው?" አልከኝ፣ ዐይንህ ግድግዳው ላይ።
"ሃያ ሰባት ሺህ።"
አልመለስክልኝም። ወጣህ።
ከኋላህ ውኃው በየእርከኑ ይንጠባጠባል።
"ክዳኑን ግጠመው" አልኩህ፣
"ግማሹን ደረጃው ጠጣው።"