ብርድ ልብስ የለበሰ በርሜል

ሰማያዊ በርሜል፣ ለሁለት ተከፍሎ፣
ግማሹ ጠጠር ታቅፎ፣ ግማሹ ውሃ አዝሎ፣
በደብረ ብርሃን ውርጭ ከጓሮዬ ተተከለ።
ጋሽ ሸዋንግዛው አይቶ፣ «ጉድ ነው!» እያለ፣
«አፈር ያልነካው ቆስጣ ምኑን ይዞ ሊቆም?»
መልስ አልነበረኝም። ለኔም አልገባኝም።

ጠጠሩን ከበሬሳ በማዳበሪያ አጋዝኩ፣
ሦስቴ አጠብኩት፣ ጭቃውን አራገፍኩ።
ሰባቱን ቆሮሶ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት
በጀሪካን አዝዬ በጣርማበር አቀበት፣
የሰባት ሰው ሒሳብ እንዳያስከፍለኝ ፈርቼ
ረዳቱ «ዘይት ነው?» ሲል፣ «አዎ» አልኩት ዋሽቼ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት መብራት ጠፋና፣
የፓምፑ ዝምታ ቀሰቀሰኝና፣
በጣሳ እየጨለፍኩ፣ ከፍ አድርጌ እያፈሰስኩ፣
ሦስት መቶ ጣሳ ቆጠርኩ፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ።
ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ በጎን ተንሳፈፉ፤
አምስቱ ግን ከታች
ቀስ እያሉ ቀዘፉ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከአጥር ማዶ ቆሞ አየና፣
ምንም ሳይል ገባ፤ ወጣ ተመለሰና፣
ፋብሪካ ሳለ የሸመነውን፣ ጠርዙ የተተለተለ
ግራጫ ብርድ ልብስ ይዞ በርሜሉን ጠቀለለ።
«ሠላሳ ዓመት ሰው አለበስኩ፤ ዓሣ ምን በደለ?»

ቆስጣዬ ዛሬ ቆሟል፣ በአራት ደካማ ቅጠል፤
ሁለቱ ጫፋቸው ቢጫ፣ ሥሩ ግን ነጭ ፈትል፣
ጠጠር ለጠጠር ይሳባል።
«ብረት አንሶት ነው» ቢሉኝ ሚስማር ጣልኩ፤ አልሰማም።
ጋሽ ሸዋንግዛውም «እንዴት አደርሽ» አይለኝም፤
ጧት ጧት ከአጥሩ ማዶ፣ ገና ሳይከፈት በሩ፣
«አምስቱም አደሩ?»