የአንሶላው ጫፍ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ሸርፍ ተራን ሲያለብስ፣
የኮምፒውተሬ ሆድ ሞላ እስከ አፍ ገደፉ ድረስ።
«ቦታ የለም» ይላል፤ ምኑን ልጨምርበት?
የአሥር ዓመት ሰው ፊት ተደራርቦበት።

ሥራዬ መቁረጥ ነው።
ከፀጉር ዳር ይዤ፣ በጆሮ ግንድ በኩል፣
ወርጄ በትከሻ፣ የአንገት ጥግ ስከተል፣
ማውሱን በሁለት ጣት እንደ መርፌ ይዤ፣
ግድግዳውን፣ አጥሩን፣ ቁልቋሉን መዝዤ
እጥላለሁ። ሰው ይቀራል፤
ነጭ ላይ የቆመ፣ ጥላ የሌለው ሰው፣
ኤጀንሲው የሚወደው፣ ኤምባሲው የማይመልሰው።

ዛሬ ግን ለቀማ ነው።
ፕሮግራሙ ፊትን ከፊት ያስተያያል፣
«ዘጠና ሰባት ከመቶ አንድ ናቸው፤ ይጥፉ?» ይላል።
ይጥፉ።
አንድ ሙሽራ ከነሚዜው ስድስት ጊዜ የሳቀ፣
አንድ ተማሪ በአንድ ጋዋን ዘጠኝ ጊዜ የተመረቀ፣
ይጥፉ። ይጥፉ። ጣቴ ለምዶታል፤
እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው ሳያይ ያወጣል።

በሩን ገፋ አድርገው አንድ ሽማግሌ ገቡ፤
ጋቢያቸው ላይ ጤዛ፣ ከዘራቸው ላይ ጭቃ።
«ከኩታበር ነኝ» አሉ፤ «ይማም ጦይብ እባላለሁ፤
የመዲናን ፎቶ ፈልግልኝ፣ እከፍላለሁ።»

አወጣሁላቸው። ሪያድ ይዛው የሄደችውን፣
ነጩን፣ የጠራውን፣ እኔው ያጸዳሁትን።
አዩና ገፉት። «ይሄማ ቤት አለኝ፤
ኋላዋን ነው የምፈልግ፣ ኋላዋን አሳየኝ።»

«ምን ኋላ አላት አባባ? ነጭ አንሶላ ነበር።»

«አንሶላውን ማን ያዘው?»

ዝም አልኩ።

«ግቢያችን መጥተህ ስታነሳት ነፋስ ነበር፤ አንሶላው አልቆም ሲል
እናቷ ናት የያዘችው፣ በዚያ በቀኝ በኩል፤
‹እኔን እንዳታነሳ› ብላ ተከልላ፣
ጣቷን ብቻ አውጥታ ጫፉን አንጠልጥላ።
ዘሙ ፎቶ አታውቅም፣ ስትሸሸው ኖራ፤
በሐምሌ ቀበርናት፣ ሰማዩ ሲያጓራ።
መልኳን እኔ አውቃለሁ፣ መልክ አልጠይቅህም፤
ጣቷን ብቻ ስጠኝ፤ ሌላ አላስቸግርህም።»

ማህደሩን ከፈትኩ። ነጩ ብቻ አለ።
ኦርጅናሉ አሁን፣ ከምሳ በፊት፣ «ይጥፉ» ካልኩት ዋለ።
ላብ አጠመቀኝ፤
በደሴ ብርድ ላብ!
ቅርጫቱን ገለበጥኩ፤ ሦስት ሺህ አራት መቶ ፊት።
«አብሽር» አሉኝ ከኋላዬ፣
እኔ ልላቸው ሲገባኝ።

መዲና አንድ። መዲና ሁለት። መዲና አሥራ አንድ።
ለፕሮግራሙ አንድ ናት።
በቀኝ ዳር ግን፣ ሦስተኛው ላይ አራት ጣት፣
አምስተኛው ላይ አውራ ጣት፣ ሂና የለቀቃት፣
ሰባተኛው ላይ አምባር፣ እጅጌዋን ነፋስ ገልጦት፣
ዘጠነኛው ላይ አንሶላው በነፋስ ተጠቅልሎ
ግማሽ ግንባር፣ አንድ ዓይን፣
ሳቅ ሊሆን ዳድቶት የተመለሰ ጉንጭ።

ሦስት ከመቶ።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።
ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ «ልጂቱን አውጣና
ይችን ብቻ ተውልኝ» አሉ፤ «የዚያችስ ፎቶ ሞልቷል።»

ቆረጥኳት፤ እንደ ልማዴ፣ በጆሮ ግንድ፣ በትከሻ።
አንሶላው መሃል መዲናን የሚያህል ቀዳዳ ቀረ፤
የእናቲቱ እጅ ግን ከዳር ጫፉን እንደያዘ ነበረ፤
ማንንም ላልከለለ ጨርቅ፣
ለማንም።

«መልሳት» አሉ ቀስ ብለው።
መለስኳት።

አሥራ አንዱንም አተምኩ። ብር ሲቆጥሩ እጃቸውን ያዝኩ፤
በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢው ሥር ሸጉጠው ወጡ፤
ጉሙ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀበላቸው፤
ከዘራቸው ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተሰማኝ።

ቅርጫቱ ውስጥ የቀሩት እንደተደራረቡ ናቸው።
ማን ጥግ ላይ ማን እንደቆመ አላውቅም።
ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» ብሎ ይጠብቀኛል፤
ይጠብቅ።