አምስተኛው ሰው

አስኮ ከጫማው ፋብሪካ፣ ከአጥሩ በስተጀርባ፣
ቆርቆሮ ቤት ነበር፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ።
ሃምሳ ሳንቲም ለልጅ፣ አንድ ብር ለጎልማሳ፤
አግዳሚው ሚስማር አለው፣ ሱሪ የሚነክስ ሰው ሲነሳ።
ያየሁት እዚያ ነው፣ ያን አሮጌ ፊልም፤
ቀለሙ ሻይ መስሎ፣ ሲደምቅ ሲጨልም።

ዘርጋው ነበር ተርጓሚው፤ በእጁ የቀርከሃ ዱላ፣
መስታወቱን እየነካ፦ ‘ይህ ካፒቴን፣ ይህ ሌላ።’
እንግሊዝኛ መቻሉን፣ እርግጠኛ አልነበርንም፤
እሱ ዝም ካለ ግን፣ ፊልሙ አይናገርም።
ክረምት ሲሆን ዝናቡ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
የሌላ ዓለም ጦርነት፣ እኛ ጣሪያ ላይ ሲዘንብ፣
ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
አንገቱ ሥር ተገትሮ፣
ሰባት ሰው አሳፈረ፤ ወደ ሩቅ ኮከብ ሰደደ፣
መንኮራኩሩ ድስት መስሎ፣ በክዳኑ እየነደደ።

ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ስልኬ ላይ አገኘሁት፤ ደግሜ ደጋግሜ ሳይ
ወረቀት አወጣሁ።

አየር በሌለበት፣ ሻማ እንዴት ይነድዳል?
ባንዲራውስ በየት ነፋስ፣ እንዲያ ይርገበገባል?
ሁለት ፀሐይ ወጥተው፣ ጥላው ግን አንድ ብቻ፤
ጠባሳው ጉንጭ ይቀይራል፣ እንደ ታክሲ መቀመጫ።
ሁሉን የሚያውቀው ማሽን፣ ግድግዳ ሙሉ መብራት፣
አውሬው አብሮ መሳፈሩን፣ ረስቶታል ሦስት ሌሊት።
መንኮራኩሩን የያዘው፣ ክር ይታያል በላዩ፤
እኛ ግን ያኔ አልን፦
‘መብራት ኃይል የእነ ቶሎሳን ቤት ዘሎ፣
ገመድ ዘረጋ ለሰማዩ!’

ይህ ሁሉ ይሁን፤ ይታለፍ።
ትልቁ ቀዳዳ መጨረሻው ላይ ነው።
ሰባት ሄደው ነበር። ሦስቱ ሞቱ፤ አየናቸው፤
አንዱ በአውሬው፣ አንዱ በእሳት፣ አንዱ በሩን ሲከፍተው።
መንኮራኩሩ ተመልሶ፣ መሰላሉ ሲዘረጋ፣
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
አምስተኛ ሰው ወረደ፣ ወደ ካሜራው ሳይጠጋ።

ቶሎሳ ሂሳብ ይወዳል፤ ከአግዳሚው ተነስቶ፣
‘ጋሼ፣ ይሄኛው ማነው?’ አለ፣ ጣቱን አውጥቶ።
‘ከሰባት ሦስት ሲነሳ፣ አራት ነው የሚቀረው፤
ይሄ ከየት መጣ?’
ቤቱ ሳቀ።
ዘርጋው ካሴቱን አቆመው።

የቆመው ምስል፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፣
አንድ እግር መሰላል ላይ፣ አንድ እግር ወደ ምድር።
ዱላውን ሰውየው ደረት ላይ፣ አሳርፎ ዝም አለ።

ወንድሙ ደምስ በዚያው ዓመት፣ ከግንባር የመጣው
በወረቀት ነበር፤ ስም፣ ቁጥር፣ ማኅተም፣ ቀን ያለው።
ሰፈሩ እንጨት ቢሸከም፣ ዕድሩ ድንኳን ቢያወጣ፣
‘መልሱት’ ብሎ ነበር፣ ‘እኔ ያየሁት ሬሳ የለም፤ ይምጣ።’

‘ሞቷል ያሉት ናቸው’ አለን፣ ‘የተሳሳቱት፤
እሱማ ይኸው፣ ሲወርድ አያችሁት።’
ከዚያ ካሴቱን ለቀቀው፤ ሰውየው መሬት ረገጠ።
ቶሎሳ ተቀመጠ።

ለዓመታት የመሰለኝ፣ ካሴቱ ተበጥሶ፣
ባለቤቱ በጥፍር ቀለም፣ የቀጠለው አሳንሶ፣
አንድ ሞት ወይ አንድ መንገደኛ
መገጣጠሚያው ላይ የወደቀ።
አይደለም። ሙሉውን አየሁ፤ ምንም አልጎደለ፤
አምስተኛው ሰው እዚያም አለ።
ስንፍና ነው፤ የሠራው ሰው መቁጠር ረስቶ፣
ወይ አንድ ሥራ ፈት ተዋናይ ልብሱን ለብሶ ቀርቶ።

ቆርቆሮ ቤቱ ፈርሶ፣ መኪና ይታጠብበታል፤
ዘርጋውን የጠየቅኩት ሁሉ፣ ‘ወደ ቡራዩ ሄዷል’፣ ‘ሰበታ ነው’ ይለኛል።
ወረቀቴ ላይ፣ አሥራ አንድ ስህተት ጽፌ፣
‘አሥራ ሁለት’ ብዬ፣ ባዶውን ተውኩት አልፌ።

ስልኬን ሳጠፋው
መሰላሉ ገና አልታጠፈም ነበር።