የሆዴ ተከራዮች

ቤቱ ጀህራ ላይ ነው፤ ዘጠኝ መኝታ ቤት፣
እኔ ከማጠቢያው ማሽን ጀርባ፣ ከቧንቧው ሥር ካለች ጥበት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ነበር ምግቤ፦
ከትሪ የተረፈ ነጭ ሩዝ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ ስኳር የበዛው ሻይ፤
ሆዴ ሞልቶ እንኳ አልጠፋም ረሃቤ።
«ሆድ ይፍጀው» እያልኩ የዋጥኩትን ነገር
ሆድ እውነትም ፈጀው፤
በደም ጀመረ መናገር።

ማዳም ወሰደችኝ፤ አዝና አይደለም፣ ፈርታ፤
ልጇ ፋሃድም ይደማል፤ መስሏት የእኔ ስጦታ።
ዶክተር ሽርሊ፣ የኬረላ ሴት፣ ዐረብኛዋ እንደ እኔው ስብር፣
ስክሪኑን አዞረችልኝ፦
የአንጀቴ ግድግዳ እንደ ፍም ቀልቷል፣ ቆስሏል፣ ዳር እስከ ዳር።

«አይጋባም» አለቻት ለማዳም። «አንቺም፣ ረውዳ፣ ብቻሽን አይደለሽም፤
ተከራይ ሞልቶሻል፤ ኢቃማ የሌለው፣ በዓይን የማይታይ፣
ቆጥረሽ አትዘልቂውም።
ሆድሽ የማይፈጨውን፣ ገለባውን፣ ቅርፊቱን፣
እነሱ በጨለማ አብላልተው ይከፍላሉ ኪራዩን፦
እንደ ሰነበተ ቅቤ የሚሸት ኮምጣጣ ጠብታ፤
ግድግዳሽ ያን በልቶ ያድራል፤ ዘብሽም ያን ቀምሶ
ጋሻውን ይሰቅላል ማታ።»

«ሲራቡስ?»
«ሲራቡማ የቤትሽን ልስን ይልሳሉ፤
ልስኑ ሲሳሳ፣ ዘቦችሽ ‹ጠላት ገባ› ይላሉ፤
ጠላቱን ፍለጋ ቤቱን ያነዱታል፤
አንቺ ‹ሆዴን› የምትዪው ያ እሳት ኖሯል።»

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ ሐኪሟ እስክትደነግጥ።
እኔስ? በሰው ግንብ ውስጥ፣ በሌሊት የማብላላ፣ የማልታይ፣ የምሯሯጥ፤
ተርቤ ግን የማዳምን ልስን አልነካሁ፤
የራሴን ላስኩ እንጂ፣
የራሴን በላሁ።

ክኒኑ ደሙን ሲያቆም፣ «ቀስ ብለሽ፣ በማንኪያ» አለችኝ፤
ከቤንጋሊው ሱቅ የገዛኋት ምስር ሩብ ዲናር ወጣችብኝ።
ፋሃድ ሌሊት ወረደ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ መርፌ ያጠቆረው ሆዱን ይዞ፣
«ምንድን ነው?» አለ። ሰጠሁት።
ቆሞ በላ፣ ዐይኑ በበሩ ላይ ፈዞ።
አልዳነም። እኔም አልዳንኩም። እሱ በየወሩ ይወጋል፤
የእኔው ደግሞ ሲለው ይነሳል፣ ሲለው ይተኛል።

ሆድ ከሀገር ይሰፋል ሲሉ ተረት መስሎኝ ሰማሁ፤
ስሜን ለማያውቅ ሕዝቤ፣ ከቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ፣
ዛሬ ማታ በአንድ ጭልፋ
ግብር አበላሁ።