የሻንጣው ሒሳብ

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ፒያሳ ሲጨልም፣
ፔንሲዮናችን ገባ አይቼው የማላውቅ ስም፤
"ከኡራጓይ" ብሎ መዝገቡን ሞላና፣
በአልጋው ዋጋ ላይ ተከራከረና፣
ሃምሳ ብር አስቀንሶ ሰባት ቁጥር ገባ።
ጫማው አፉን ከፍቷል፤ ካልሲው ግን አበባ።

ማታ ማታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን፣
ስብርባሪ እንግሊዝኛ ተበዳድረን፦
"ትንሽ ናት አገሬ፤ ሰው ከከብት ያንሳል፣
ሲመሽ የተሳፈረ ሲነጋ ዳር ይደርሳል።
አልጋ ምን ያደርጋል? አውቶቡስ ታድሪያለሽ፤
ሲነጋ ወንዝ ዳር ዳቦ ትገምጫለሽ።"

በአራተኛው ቀን ገንዘብ ጎደለው፤
"ለአንድ አዳር ያዢልኝ" ብሎ ሻንጣውን ጣለው።
ልብሱን ማዳበሪያ ከቶ፣ ተሸክሞ፣
ወደ ወልዲያ ሄደ፣ አይሱዙ ላይ ቆሞ።

ከዚያ ወዲያ ማታ፣ ከመዝገቡ ጀርባ፣
ደመርኩ፦ አውቶቡስ፣ ዳቦ፣ ቪዛ፣ ጀልባ።
አውሮፕላኑን ግን ሳልጽፍ ዘለልኩት፤
ሙህዬ ዘበኛው አጮልቆ ቢያየኝ
"የገቢ ሒሳብ ነው" አልኩት።

እሑድ ተረኛ አይደለሁም። ሻንጣውን አዘልኩ፣
ሦስት ዳቦ ከትቼ ኮምቦልቻ ተሳፈርኩ።
ሐረጎ ላይ፣ ጆሮዬን ሲደፍነው ቁልቁለቱ፣
"የሻንጣ ጨምሪ!" አለኝ ረዳቱ።
"ከዳቦ በቀር ባዶ ነው።"
"ባዶም ቢሆን ቦታ ይዟል።"
ከፈልኩ።

ቦርከና ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤
የማን እንደሆነ እንጃ፣ አጎበር ታጥቦ ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል።
ዳቦዬን ገመጥኩ። ደረቅ ነበር።

ማታ ከመዝገቡ ጀርባ አንድ መስመር ጨመርኩ፦
ሻንጣ፣ ቦታ ስለያዘ፣ ሃያ ብር።