ገጽ ሰባ አራት

ያንን ዘገባ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣
ሦስት ዓመት ለክቼ፣ አስልቼ ያረቀቅኩት፤
የዌልስ ባሕር በክረምት ስንት ክንድ እንደሚመጣ፣
ግንቡን ለማቆም ስንት ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያስወጣ፣
በሠንጠረዥ፣ በቀለም፣ በግርጌ ማስታወሻ፣
ከመቅድሙ ጀምሮ እስከ መጨረሻ።
በሁለት ቋንቋ ታተመ፣ ሕጉ እንደሚለው፤
በሁለቱም ቋንቋ አንባቢ የለው።

ገጽ ሰባ አራት ላይ ይገኛል ቃሉ፦
«በክፍል ዐሥራ አንድ ያሉ ንብረቶች ሁሉ
ከሁለተኛው የዕቅድ ዘመን መዝጊያ ወዲያ
አይያዝላቸውም የግንብ በጀት ማስቀጠያ።»
የኔ ነው ያ ዐረፍተ ነገር። ስድስት ጊዜ ታረመ፣
በታረመ ቁጥር አንድ ሰው ከውስጡ እየከሰመ።
ክፍል ዐሥራ አንድ የሰው መንደር ነው፤ አበርኬሪ።
ቃሉ ግን «ቤት» አይልም፤ «ባሕር» አይልም፤
«ትለቃላችሁ» አይልም።
እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ የሚወስድ።

ኅዳር ላይ፣ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲደልቅ፣
ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራሁ፣ ቀስት እየሳብኩ ሳደርቅ፣
ከኋላ ወንበር ተነሣ ኢድዋል፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣
ያልተከፈተ ጣሳ ቀለም በክንዱ ሥር።

«ሁለቴ አነበብኩት፣ መነጽር ቀይሬ፤
ሰማያዊ ገዝቻለሁ፣ በቅናሽ፣ ዛሬ።
የቤቴን መዝጊያ ጨው በልቶት ተልጧል።
አንድ ነገር ንገሪኝ፤
ልቀባው? ወይስ ይቅር?»

አለቃዬ አየኝ። መልሱ ካርድ ላይ ተጽፏል፦
«የምክክሩ ሂደት ገና አልተቋጨም...»
ካርዱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«አይቅቡት» አልኩ።

ማሞቂያው ብቻ ሲንጣጣ ይሰማል።
ኢድዋል ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣
የሦስት ዓመት ድካሜን በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ፦
«ታዲያ ለዚህ ፖስት ካርድ አይበቃም ነበር?»

በዓመቱ ሌላ ዘገባ ወጣ፣ ስለዚያው ዘገባ፦
«ለሰማንያ ስድስት በመቶ ነዋሪ መልእክቱ ገባ።»
እኔ ግን በመጋቢት አለፍኩ በዚያ ጎዳና፤
አረፋው ግንቡን ተሻግሮ ይረጫል ገና።
የኢድዋል መዝጊያ ሰማያዊ ነው፣ ሁለት እጅ የተቀባ።
ከእጀታው ላይ በሲባጎ የታሰረች ቁራጭ ካርቶን፣
በዌልሽም በእንግሊዝኛም፦
«እርጥብ ነው፤ አይንኩ።»

ፖስተኛው መጣ፣ አነበበ፣
ደብዳቤውን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረ።